ቪሲኦው ቀን ይስተካከላል፣ ማታ ይሸሻል፤ ሰርኪዩቱ ላይ ምን ላድርግ?

ሞገድ_አራት_ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችን። በእጄ የሠራሁት አናሎግ ሲንተሳይዘር እዚያ ነው ያለው። ሁለት ኦሲሌተር አለው፤ ቪሲኦ የምላቸው እነዚህን በቮልቴጅ የሚታዘዙ ድምፅ አመንጪዎች ነው። ሁለቱም ሳው ኮር ናቸው (ካፓሲተር እየሞላ ሲራገፍ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ሞገድ ያወጣሉ)፣ በአንድ ቮልት አንድ ኦክታቭ ይሄዳሉ። በየኦክታቩ ከረንቱን እጥፍ የሚያደርገው ክፍል፣ ኤክስፖኔንሻል ኮንቨርተሩ፣ የተሠራው ለየብቻ በተገዙ ሁለት 2ኤን3904 ትራንዚስተሮች ነው። እየለካሁ የሚመሳሰሉትን መርጫለሁ። ቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ አልተጣበቁም። የሙቀት ማካካሻ ሬዚስተር፣ ቴምፕኮ የሚባለው፣ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ 24 ዲግሪ ገደማ ሲሆን አስተካክለዋለሁ። ሁሉም ኦክታቭ ጥሩ ይመጣል። ማታ ክፍሉ 17 ሲደርስ መካከለኛው ዶ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ስሄድ ግን ከግማሽ ሴሚቶን በላይ ይቀጥናል። ሌላም አለ። በሩ ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ ሁሉም ኖት አንድ ላይ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ክራር የሚጫወት ጓደኛችን ክራሩን የሚቃኘው ከዚህ ዕቃ ጋር ነው። ስለዚህ ነገሩ የምር ነው። በየዘፈኑ መሃል ኖብ ማዞር አልፈልግም። መፍትሔውን ሰርኪዩቱ ላይ ነው የምፈልገው።

ቺፕ_ወዳድ

እህቴ፣ ቀጥታ ወደ ሲኢኤም3340፣ ዳግ ከርቲስ ወደሠራው የኦሲሌተር ቺፕ፣ ሂጂ። የትራንዚስተሮቹን ሙቀት ቺፑ ራሱ ውስጥ ያካክሳል። ፕሮፌት-5 የሚባለው ሲንተሳይዘር እ.ኤ.አ. በ1980 በሦስተኛው ሞዴሉ ከኤስኤስኤም ቺፖች ወጥቶ ወደ ዳግ ከርቲስ ቺፖች ዞሯል፤ ቅኝቱም ያኔ ነው የተረጋጋው። ዛሬ ኦሪጅናሉ ባይገኝ ላትቪያ፣ ሪጋ ውስጥ የሚመረተው ኤኤስ3340 አለ። አንድ ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተር፣ በቃ።

ጋሽ_ካውያ

ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ነው የጻፍሽው። ቺፑም ጥሩ ነው። ግን ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት አንቺ ያየሽው ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ልብ በዪ። አንደኛው፣ ሁሉም ኖት እኩል የሚሸሽበት ነው። ሁለተኛው፣ ኦክታቩ ራሱ የሚለጠጥበት ወይም የሚኮማተርበት ነው። መነሻቸው ይለያያል፣ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ ነው የሚለፋው።

መጀመሪያ የነፋሱን እንይ። ትራንዚስተር ቤዙ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ ያለው ቮልቴጅ በ18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨምር ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ማለትም እዚያ ቦታ ላይ አንድ ኦክታቭ 18 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ትራንዚስተሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ማንም ሳይነካው 2 ሚሊቮልት ገደማ እንደተጨመረለት ይሆናል። ከአንድ ሴሚቶን ይበልጣል! ለአንድ ዲግሪ! ሁለተኛ ትራንዚስተር የሚጨመረው ለዚህ ነው። ሁለቱ እኩል ከሞቁ የአንዱ ስህተት የሌላውን ይሰርዛል።

ነገር ግን እኩል መሞቅ አለባቸው። በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ልዩነት ቢኖር 0.2 ሚሊቮልት ነው። ይህም 13 ሴንት ይሆናል (ሴንት የሴሚቶን አንድ መቶኛ ነው)። ነፋሱ አንዱን ከሌላው ቀድሞ ያቀዘቅዘዋል፣ አንቺ የምትሰሚው ያንን ነው።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። የሁለቱን ጠፍጣፋ ፊት በቴርማል ፔስት አጣብቂ። ሙቀት ሲነካው በሚኮማተር ቱቦ አንድ ላይ ሸብቢያቸው። ከላይ ቁራጭ ስፖንጅ ደርቢበት። ለዘለቄታው ግን አንድ ሽፋን ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ጥንድ ይሻላል፤ ቢሲኤም847 ትንሽና ርካሽ ነው፣ ታት340 ወይም ኤስኤስኤም2212 ካገኘሽ ደግሞ እሰየው።

ሴንት_ቆጣሪ

ጋሽ ካውያ ባሉት ላይ ሁለተኛውን በቁጥር ልጨምር።

ትራንዚስተሮቹ ፍጹም ቢመሳሰሉም የማይሰረዝ ነገር ይቀራል። ያ 18 ሚሊቮልት ራሱ ቋሚ አይደለም። በኬልቪን ከሚለካው ሙቀት ጋር በእኩል መጠን ይጨምራል። 25 ዲግሪ ማለት 298 ኬልቪን ነው። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ከ298 አንዱ ነው፤ 0.336 በመቶ።

አሁን ያንቺን እናስላ። ከ24 ወደ 17፣ ሰባት ዲግሪ። ሰባት ጊዜ 0.336፣ 2.35 በመቶ። ሁለት ኦክታቭ 2400 ሴንት ነው። የዚያ 2.35 በመቶ 56 ሴንት ይመጣል። "ከግማሽ ሴሚቶን በላይ" ያልሽው በትክክል ይሄ ነው። ጆሮሽ ደህና ለክቷል።

ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አንድ ኦክታቭ የሚፈልገው ሚሊቮልት ያንሳል። አንቺ የምትሰጪው ግን ያው ስለሆነ ኦክታቩ ይለጠጣል። ላይኛው ይቀጥናል፣ ታችኛው ይወፍራል። የታችኛውን ኦክታቭ አይተሽዋል?

ሞገድ_አራት_ኪሎ

አሁን አየሁት። ልክ ነህ! ሁለት ኦክታቭ ወደ ታች በዚያው መጠን ወፍሯል።

ክራር_ቃኚ

ክራር የሚጫወተው ጓደኛ እኔ ነኝ። ከጎኔ ሆና ስትለካ ስለነበር እኔም ልጻፍ።

የክራር ክርም በብርድ ይሸሻል። በዘፈን መሃል መቃኘት ለእኛ አዲስ አይደለም። ከዚህ ዕቃ ጋር የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። አንድ ክር ከመካከለኛው ድምፅ ጋር አገጣጥሜ ስጨርስ፣ ኦክታቩ ላይ ያለው ክር ከእሷ ኦክታቭ ጋር አይገጥምም። እኔ ክሬን ባዞር ክራሩ ራሱ ይበላሽብኛል። እሷ ኖቡን ብታዞር መካከለኛው ይሄዳል። አንድ ላይ የሚሸሽ ነገር ይቃኛል፣ የሚለጠጥ ነገር ግን አይቃኝም።

ትዝታ ስንጫወት ጆሮ ትንሽ ይታገሳል። አንቺሆዬ ላይ ግን አይታገስም። ሁለተኛው ኖት ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቀው። እዚያ 20 ሴንት ከተዛነፈ የርቀቱ አንድ አምስተኛ ሄደ ማለት ነው። ቅኝቱ ሌላ ጠባይ ይይዛል።

ጀማሪ_ነኝ

ይቅርታ፣ ታዲያ ለምን ዲጂታል አይሆንም? ጥያቄዬ የምር ነው፤ መማር ስለምፈልግ ነው።

ቺፕ_ወዳድ

መሃል ላይ የቆመ መንገድ አለ። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1982 በጁኖ-6 እና በጁኖ-60 ያደረገውን ተመልከት። ካፓሲተሩ አናሎግ ነው፣ ሳው ሞገዱም አናሎግ ነው። መቼ እንደሚራገፍ የሚነግረው ግን ከዲጂታል ክሎክ የሚቆጥር ካውንተር ነው። ዲሲኦ ይባላል። ሙቀቱ የፈለገውን ቢሆን ኖቱ ንቅንቅ አይልም።

ፕሮፌት-5 ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። ኦሲሌተሮቹ ሙሉ በሙሉ አናሎግ ናቸው። የቃኝ ቁልፉን ስትጫን ማይክሮፕሮሰሰሩ የእያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ለክቶ ስህተቱን ያርማል።

ሴንት_ቆጣሪ

ሁለቱም ብልህ ዘዴዎች ናቸው። ግን አናሎግ ኦሲሌተር የሚወደድበትን ምክንያትም እንናገር። ሁለት ኦሲሌተሮች 440 ኸርዝ ላይ በ5 ሴንት ቢለያዩ በሴኮንድ ከአንድ ጊዜ ትንሽ በላይ ይመታሉ። ያ ቀስ ያለ ንዝረት ነው ድምፁን የሚያወፍረው። ሁለት ዲሲኦ ከአንድ ክሎክ ሲነዱ እርስ በርሳቸው ተቆልፈው ይሄዳሉ፣ ያ ነጻነት ይቀንሳል። እኔ የምለው፣ ንዝረቱን አንተ መርጠህ አስገባው እንጂ የክፍሉ ሙቀት አይምረጥልህ።

ከተማችንም ለዚህ ነገር ቀላል አይደለችም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን 23 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ሌሊት ከ10 በታች ይወርዳል። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። በአንድ ቀን ውስጥ የምናየውን ልዩነት፣ ማሞቂያ ያለው አገር ስቱዲዮ በዓመትም ላያየው ይችላል። ስለዚህ የሙቀት ማካካሻ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

መፍትሔው ይሄ ነው። ከቤዙ በፊት ቮልቴጁን ወደ ሚሊቮልት የሚያወርድ ዲቫይደር አለ። ወደ መሬት የሚወርደውን ሬዚስተር በቴምፕኮ ተኪው። በዲግሪ 3300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3300 እጅ) ገደማ የሚጨምር፣ 1 ኪሎኦም። ከላይ 54 ወይም 55 ኪሎኦም ከማስተካከያ ትሪመር ጋር። ሲሞቅ ሬዚስተሩ ይጨምራል፣ ቤዙ ላይ የሚደርሰው ሚሊቮልትም ይጨምራል፣ ትራንዚስተሩ ከሚፈልገው ጋር እኩል ይሄዳል። ግን ቴምፕኮው ከትራንዚስተሮቹ ጋር ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። የቦርዱ ጥግ ላይ ሆኖ የራሱን ሙቀት የሚለካ ቴምፕኮ ጥቅም የለውም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቮልቴጆቹን የሚደምረው ማጉያ ቺፕ፣ ኦፕ አምፑ፣ ራሱ ነው ቮልቴጁን የሚያወርደው ወይስ ዲቫይደር አለሽ?

ሞገድ_አራት_ኪሎ

ኦፕ አምፑ ነው። መግቢያዎቹ 100 ኪሎኦም፣ ፊድባኩ 1.8 ኪሎኦም ገደማ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤዙ። ቲኤል072 ነው።

ሴንት_ቆጣሪ

እንግዲያው እዚያ ሌላ ሌባ አለ። ይህን ቦታ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የቲኤል072 ኦፍሴት፣ ማለትም መግቢያው ላይ ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ስህተት፣ በሙቀት ይሸሻል፤ ዳታሺቱ ላይ በተለምዶ በዲግሪ 18 ማይክሮቮልት ይላል። ያንቺ ኦፕ አምፕ መውጫው ላይ አንድ ኦክታቭ 18 ሚሊቮልት ነው። ለ1200 ሲካፈል አንድ ሴንት 15 ማይክሮቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ኦፕ አምፑ ለብቻው በዲግሪ ከ1 ሴንት በላይ ያመጣል። ለሰባት ዲግሪ 8 ሴንት ገደማ። ሁለቱ ኦሲሌተሮች ደግሞ የተለያየ ኦፕ አምፕ ስላላቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ።

አሁን አቀማመጡን ቀይሪው። ፊድባኩን 100 ኪሎኦም አድርጊው። ኦፕ አምፑ በሙሉ መጠኑ፣ በቮልት አንድ ኦክታቭ ሆኖ ይደምር። መቀነሱን ከዚያ በኋላ ሬዚስተሮች ብቻ ይሥሩት። ኦፕ አምፑ መውጫ ላይ አንድ ሴንት 833 ማይክሮቮልት ይሆናል። ሦስት መግቢያ ቢኖርሽና ኦፍሴቱ በአራት ቢባዛ እንኳ ለሰባት ዲግሪ 0.6 ሴንት ገደማ ብቻ ነው። ያው ቺፕ፣ ያው ዋጋ፤ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። ይህ ነገር በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ኦፒ07 ማስገባት ትችያለሽ፤ የእሱ ሽሽት በተለምዶ በዲግሪ ከ1 ማይክሮቮልት በታች ነው።

ጀማሪ_ነኝ

ቴምፕኮ ግን የት ይገኛል? መርካቶ ብዙ ሱቅ ጠይቄያለሁ፣ ስሙንም አያውቁትም።

ጋሽ_ካውያ

ከውጭ ታዝዞ ዋናው ፖስታ ቤት እስኪደርስ መጠበቅ ነው። እስከዚያው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። መዳብ አለ አይደል?

የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንስ በዲግሪ 3900 ፒፒኤም ገደማ ይጨምራል። እኛ የምንፈልገው 3350 ነው። ትንሽ ይበዛል። ስለዚህ በማይለወጥ ሬዚስተር ማቅጠን ነው። 87 በመቶው መዳብ፣ 13 በመቶው ሜታል ፊልም ይሁን፣ በሲሪየስ።

ያን ያህል ቀጭን ሽቦ ከየት ይመጣል ካልክ፣ ከሪሌ። የትንንሾቹ የ24 ቮልት ሪሌዎች መጠምጠሚያ ብዙ ጊዜ 1600 ኦም አካባቢ ነው። ያ ሁሉ መዳብ ነው። 240 ኦም ሜታል ፊልም ጨምርበት፣ 1840 ይሆናል። ከላይ ያለውን ወደ 100 ኪሎኦም አሳድገው። ትራንዚስተሮቹን ከመጠምጠሚያው ጋር በፔስት አጣብቅ። መጠምጠሚያውን በክፍሉ ሙቀት ለካው እንጂ የተጻፈበትን አትመን።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጠምጠሚያ ስለሆነ ከትራንስፎርመር አጠገብ ከሆነ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ያነሳል፤ አርቀው። ደግሞም ከትራንዚስተር ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ካበራኸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ስጠው። ክዳኑ ተዘግቶ ነው የሚስተካከለው፣ ተከፍቶ አይደለም።

ሞገድ_አራት_ኪሎ

ጋሽ ካውያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪሌ አለኝ። ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

ቸርችል_ጎዳና

ሁሉም ስለ ሙቀት አወራ፣ ስለ ፓወር ግን አላየሁም። እኔ የማየው ቸርችል አካባቢ ስለምሠራ ነው፤ መብራት ሲዋዥቅ እዚህ ሁሉም ዕቃ ይናገራል።

የቅኝት ኖቡ ቮልቴጁን ከየት ነው የሚወስደው? ቀጥታ ከ12 ቮልቱ ከሆነ፣ 12 ቮልቱ የነካው ሁሉ ኖቱን ይነካል። ኖቡ 5 ቮልት ላይ ቆሟል እንበል። ፓወሩ በ1 በመቶ ቢለወጥ 50 ሚሊቮልት ነው፤ 60 ሴንት! 12 ቮልቱን የሚያረጋጋው 7812 በራሱ መጥፎ አይደለም። ግን ከመግቢያው ቢያንስ 2 ቮልት ትርፍ ይፈልጋል። 220ው ወደ 180 ሲወርድ ትራንስፎርመሩ ያንን ትርፍ ካጣ መውጫውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ለኖቡ የራሱ ሪፈረንስ፣ የማይዋዥቅ ቮልቴጅ የሚሰጥ ቺፕ፣ ይሰጠው። ኤልኤም4040 ካለ ጥሩ። ከሌለ ቲኤል431 ብዙ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ አለ፤ ነቅሎ መጠቀም ነው።

ቺፕ_ወዳድ

በዚህ እስማማለሁ። 3340ም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ቺፑ የሚያካክሰው የራሱን ትራንዚስተሮች ነው። ውጭ ያሉት ሬዚስተሮች፣ ካፓሲተሩና ሪፈረንሱ የሠሪው ኃላፊነት ናቸው።

ሌላ አማራጭም ልጥቀስ። ሲኤ3046 አንድ ሲሊከን ላይ አምስት ትራንዚስተር አለው። ሁለቱን ለኮንቨርተሩ፣ አንዱን እንደ ማሞቂያ፣ አንዱን እንደ ቴርሞሜትር ትጠቀሚያለሽ። ቺፑን 50 ወይም 60 ዲግሪ ላይ ትይዢዋለሽ። ክፍሉ ምንም ቢሆን ትራንዚስተሮቹ ለውጡን አያዩም፤ ቴምፕኮም አያስፈልግም። ፌርቻይልድ ዩኤ726 የሚባል ለዚሁ የተሠራ ቺፕ ነበረው።

ጋሽ_ካውያ

ጥሩ ነው፣ መብራት ካልጠፋ። ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና እስኪሞቅ መጠበቅ አለ። እኔ ቴምፕኮውን እመርጣለሁ።

ሴንት_ቆጣሪ

ካፓሲተሩ ስለተነሳ በአጭሩ። 578 ፒፒኤም አንድ ሴንት ነው። ፖሊስታይሪን በዲግሪ 120 ፒፒኤም አካባቢ ይቀንሳል፤ ለሰባት ዲግሪ 1.5 ሴንት። ሲ0ጂ የሚለው ሴራሚክ ከ30 ፒፒኤም አይበልጥም፤ ግማሽ ሴንት እንኳ አይሞላም። ኤክስ7አር የሚለውን ሴራሚክ በፍጹም እዚህ ቦታ አታስገቡ። ሬዚስተሮቹ ሜታል ፊልም ይሁኑ።

ሞገድ_አራት_ኪሎ

ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ትራንዚስተሮቹን አጣበቅኩ። በሩን ከፍተን ዘጋን፣ ኖቱ አልተነቃነቀም። ያ ችግር አለቀ።

ቀጥሎ ኦፕ አምፑን ወደ 100 ኪሎኦም አዞርኩት፣ ሪሌውን በዲቫይደሩ አስገባሁ። ከትራንስፎርመሩ በተቃራኒው ጥግ አስቀመጥኩት፤ ጉርምርምታ የለም። ትናንት ማታ ክፍሉ 16 ሲሆን ለካሁ። ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ስህተቱ ከ5 ሴንት በታች ነው። ከ56 ነው እዚህ የደረስነው!

አሁን የቀረው ከዚያ በላይ ነው። አራተኛው ኦክታቭ ላይ፣ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ቀንም ማታም 7 ሴንት ገደማ ይወፍራል። ሙቀት አይመስለኝም።

ሴንት_ቆጣሪ

ሙቀት አይደለም። ካፓሲተሩ የሚራገፍበት ጊዜ ነው። 4 ኪሎኸርዝ ላይ አንድ ዙር 250 ማይክሮሴኮንድ ነው። መራገፉ 1 ማይክሮሴኮንድ ቢወስድ 0.4 በመቶ ይጨምርበታል፤ ያ 7 ሴንት ነው። ታች ላይ ዙሩ ረጅም ስለሆነ አይታወቅም። ከካፓሲተሩ ጋር በሲሪየስ ሬዚስተር አስገቢ። የሰርጂዮ ፍራንኮ ማካካሻ ይባላል። መጠኑ የመራገፊያው ጊዜ ለካፓሲተሩ ሲካፈል ነው። ካፓሲተርሽ 1 ናኖፋራድ ከሆነ 1 ኪሎኦም።

የሙቀቱን መጀመሪያ መጨረስሽ ጥሩ ሆነ። ሁለቱ ስህተቶች ላይኛው ኦክታቭ ላይ ይደራረባሉ። አንዱን በሌላው ትሪመር ለማረም የሚሞክር ሰው መውጫ የለውም።

ክራር_ቃኚ

ትናንት አንቺሆዬ ተጫወትን። አንድ ጊዜ ቃኝቼ ልምምዱ እስኪያልቅ አልነካሁትም።

ሞገድ_አራት_ኪሎ

1 ኪሎኦሙ ገብቷል፣ ላይኛው ኦክታቭ ቀጥ ብሏል። የሚቀረኝ የኖቡ ሪፈረንስ ነው። ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ቲኤል431 ነቅያለሁ። ቸርችል፣ ለ5 ቮልት ሬዚስተሮቹ ስንት ይሁኑ?

ቸርችል_ጎዳና

ከ12 ቮልቱ ወደ ካቶዱ 1.5 ኪሎኦም። ከካቶዱ ወደ ሪፈረንስ እግሩ 2.2 ኪሎኦም፣ ከዚያ ወደ መሬት ሌላ 2.2 ኪሎኦም። አኖዱ መሬት። 5 ቮልት ይሰጥሻል። ሁለቱ 2.2ዎች ሜታል ፊልም ይሁኑ፣ ከአንድ ጥቅል ቢወጡ ይመረጣል። መውጫው ላይ ትንሽ ካፓሲተር አትጨምሪ፤ በአንዳንድ መጠኖች ቲኤል431 ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል።